አፍንጫን ከጎድን፦ ሥጋ ደዌ የነጠቀውን ፊት የመመለስ ታሪክ

"አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል" ይላል ተረቱ። በሥጋ ደዌ አፍንጫ ሲፈርስ ግን የሚያለቅሰው ዓይን ብቻ አይደለም። ትዳር ይፈርሳል፣ ጎረቤት ይርቃል፣ ቡና የሚያጣጣ ይጠፋል። የተጎዳ እጅ ጋቢ ውስጥ ይደበቃል፤ የተጎዳ እግርም ጫማ ውስጥ ይገባል። በደሳ ገበያ ላይ ጫቱን ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው ግን አፍንጫውን የት ይደብቀዋል?

አፍንጫ ለምን ይፈርሳል? የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል። አየር ዘወትር የሚመላለስበት አፍንጫ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። በሽታው ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ የአፍንጫው የውስጥ ሽፋን ይቆስላል፤ ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ልም አጥንትም (ካርቲሌጅ) ተበልቶ ያልቃል። ያን ጊዜ ምሰሶው እንደወደቀ ጎጆ አፍንጫው ይሰምጣል። መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የወደቀውን ምሰሶ ግን አያቆምም።

ምሰሶውን ለማቆም ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ ጎድን አዞሩ። የጎድን አጥንቶች ከፊት ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኙት በልም አጥንት ነው። በተለይ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ጎድን ያለው ወፈር ያለና ለመቅረጽ የሚመች ነው። የራስ አካል ስለሆነም ሰውነት እንደ ባዕድ አይገፋውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኒውዚላንድ ተወላጁ ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ ፊታቸው የተቀደደ ወታደሮችን ሲጠግን በጎድን ልም አጥንት ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1917 በእንግሊዝ ሲድከፕ የተከፈተው ሆስፒታልም ለዚሁ ሥራ የቆመ ነበር።

ሥራው እንከን አልባ አልነበረም። ቀጥ ተደርጎ የተቀረጸው ልም አጥንት ከጊዜ በኋላ ይጣመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ጊብሰንና ዴቪስ የተባሉ ሐኪሞች ምክንያቱን አስረዱ። የልም አጥንቱ የላይኛው ክፍል እንደተወጠረ ገመድ ነው፤ ከአንድ ጎን ብቻ ሲላጥ ወደ ሌላው ጎን ይጎብጣል። መፍትሔው ሁሉንም ጎን እኩል መቅረጽ ነው።

ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የበለጠ የጠቀመው ግን ሌላው የጊሊስ ትምህርት ነው። ጊሊስ በቂጥኝ የፈረሱ አፍንጫዎችን ሲመረምር የውጪው ቆዳ እንዳለ መሆኑን ተመለከተ። የጠፋው የውስጡ ሽፋን ነው፤ እሱ ተኮማትሮ ቆዳውን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ልም አጥንት ደግሞ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከጎኑ ካለው ሥጋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተጎተተው ይለቀቃል፣ ውስጡም በተነቀለ ቆዳ ይለበጣል፤ ምሰሶው የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። በህንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው ፖል ብራንድ ይህን መንገድ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አፍንጫ ለመጠገን ተጠቀመበት።

ወደ አገራችን እንምጣ። ለሐረርጌ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር የሕሙማን መጠለያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን ቩርትስቡርግ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ መርጃ ማኅበርም የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረው ከሐረር አቅራቢያ በቢሲዲሞ ነው። በ1965 ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሕዝቡ ዛሬም ዘነበወርቅ በሚለው ሰፈር፣ አለርት ተመሠረተ። ለምሥረታው ከደከሙት አንዱ ይኸው ፖል ብራንድ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የድሮዎቹ መጠለያዎች ሥራ ሕመምተኛውን ከሰው መለየት ነበር። እጅን፣ እግርንና ፊትን የሚጠግነው ቀዶ ሕክምና ግን የተለየውን ወደ ሰው መመለሻ ነው። ባክቴሪያው ከሰውነቱ ከጠፋ በኋላም የሰመጠ አፍንጫ ያለውን ሰው "ድነሃል" ማለት ግማሽ እውነት ነው። ሐኪሙ ከመዝገብ ቢሰርዘውም ጎረቤቱ አይሰርዘውም። ስለዚህ የአፍንጫ ጥገና ለቁንጅና የሚደረግ ቅንጦት አይደለም፤ የሕክምናው የመጨረሻ ምዕራፍ ነው።

ይህ ምዕራፍ ግን ለገጠሩ ሰው ሩቅ ነው። ከበደሳ ተነስቶ ጭሮ (የድሮዋ አሰበ ተፈሪ) መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ከጭሮ አዲስ አበባ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ቀዶ ሕክምናው ከአንድ ዙር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማሳውን ማን ያርማል? ልጆቹንስ ማን ያበላል?

ደግነቱ ጎድን ሳይነካ የሚቀርበት መንገድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የተቀናጀ መድኃኒት በ6 ወይም በ12 ወር ያድናል፤ ለሕመምተኛውም በነፃ ይሰጣል። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ የቆዳ ንጣፍ። ይህን ንጣፍ የሚደብቀው ኀፍረት ነው። ኀፍረቱን የሚያመጣው ደግሞ የሰመጠ አፍንጫ ባዩ ቁጥር ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች ናቸው። ሐኪም ልም አጥንት ከጎድን ወስዶ አፍንጫ ያቆማል፤ የዞረውን ፊት መመለስ ግን የሁላችንም ሥራ ነው።