የፊደልና የደመወዝ ዜና በሀዲያ ምድር

በ1966 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ፣ የኢትዮጵያ መምህራን ሥራ አቆሙ። ምክንያቱም ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት የድኻውን ልጅ በታችኛው ክፍል ያስቀረዋል ተብሎ ስለ ተፈራ፣ ደመወዛቸውም ስላልበቃቸው ነው። መንግሥትም ጥናቱን አቆየው። ነገር ግን ቁጣው አልበረደም፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ።

ከዚህም በኋላ ደርግ ነገሠ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ፤ ውሎ አድሮም ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሆነ። ሀዲይኛና ከምባትኛም በግእዝ ፊደል ተጽፈው ገበሬው በአፍ መፍቻው አነበበ። ይህን በጎ ሥራ መካድ ግፍ ነው። ሆኖም ከፊደሉ ጋር አብዮቱ አብሮ ይሰበክ ነበር፤ ገበሬውም ምን ልማር ብሎ የሚመርጥበት መንገድ አልነበረም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። የሀዲያው ተወላጅ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ በሽግግሩ መንግሥት የትምህርት ምክትል ሚኒስትር ሆኑ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከመንግሥቱ ወጡ። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ እርሳቸው በተቃዋሚዎች ወገን ነበሩ። በዚያም ዘመን ሀዲይኛና ከምባትኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኑ፤ ነገር ግን የግእዙ ፊደል ቀርቶ በላቲን ተጻፉ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። ከሆሣዕና እስከ ሀቢቾ፣ እስከ ዱራሜም ድረስ አባት በዘመቻው የቆጠረውን ፊደል ያውቃል፤ ልጁ የያዘው መጽሐፍ በአባቱ ቋንቋ ተጽፎ ሳለ አባት ሊያነብለት አይችልም። ማታ በኩራዝ ብርሃን መጽሐፉን ገልጦ አይቶ ይመልሰዋል። ላቲን ይሻላል ወይስ ግእዝ የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት እተወዋለሁ፤ ያንን አባት ግን ማንም አልጠየቀውም።

በ1990ዎቹም አጋማሽ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ወረደ። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ከጎን ቆመ፤ ለማስተዋወቅና ለማጠቃለል ጥቂት ደቂቃ ተተወለት። መብራት በጠፋ ጊዜ ትምህርቱም ጠፋ። ተማሪው ባልገባው ጊዜ ግን በግምገማ የሚነሣው መምህሩ ነበር። ኋላም መምህሩ አንድ ለአምስት በቡድን ተደራጅ ተባለ፤ ቅሬታ ያነሣም «የአመለካከት ችግር አለበት» ተባለ።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. በመስከረም ወር ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ፈተና ይሰረቅ ነበርና የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች እንዲሰጥ አደረጉ። በሆሣዕና ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ተፈታኞችን ተቀበለ። ስልክ ተከለከለ፤ ቀለበትና የአንገት ሀብል ሳይቀር ተከለከለ፤ ልጆቹ ተፈትሸው ገቡ። ስርቆቱን ማቆማቸው ትክክል ነበር፤ ይህን ሳልፈራ እጽፋለሁ። ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ውጤቱ ሲነገር ግን ሀገር ደነገጠ፤ ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በማግሥቱ ወላጅ መምህሩን፣ መምህሩ ቢሮውን፣ ቢሮው ያለፈውን መንግሥት ከሰሰ። በቀጣዩ ፈተናም 3.2 በመቶ ብቻ አለፉ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ።

በዚያው ዘመን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ሆሣዕናም መቀመጫው ሆነች። በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ ዞን በባዳዋቾ በኩል የመምህራን ደመወዝ ለወራት ቀረ። ባለሥልጣናቱ የሰጡት ምክንያት የማዳበሪያ ዕዳ ነው፤ በመንግሥት ዋስትና በብድር የተገዛውን ማዳበሪያ ገበሬው ስላልከፈለ ከወረዳው በጀት ተቆረጠ አሉ። መምህራን ክፍል መግባት አቆሙ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ማዳበሪያውን ያልተበደረ መምህር የዱቤ መዝገቡ በሱቅ እየሞላ፣ ልጆቹ ቁርስ ሳይበሉ ዋሉ። እንዲህ ባለ ዓመት ያለ መምህር የከረመ ልጅ በፈተናው ቀን ከሌላው ጋር እኩል ይለካል።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ በመጣ ቀን መምህሩን ከመውቀስህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፤ ዘንድሮ ስንት ቀን ተማረ? የመምህሩስ ደመወዝ በወሩ ደርሶታልን? መልሱንም ይዘህ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሂድ።