የቤት ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ ችግሩ ከመስመሩ ነው ወይስ ከቤታችን?

የፈተና ውጤቱን ለማየት የሚጓጓ ተማሪ፣ ገንዘብ በስልክ ልካ ማረጋገጫውን የምትጠብቅ ነጋዴ፣ እህሉን ከመጫኑ በፊት የገበያ ዋጋ ለማወቅ የሚሻ አርሶ አደር፤ ሁሉም ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ሥራቸው ይስተጓጎላል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ወይ አገልግሎት ሰጭውን ይወቅሳሉ፤ ወይ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያቸውን አሳድገው ፈጣን ጥቅል ይገዛሉ። ኾኖም ችግሩ ያለው ቤት ውስጥ ከኾነ ተጨማሪው ክፍያ መፍትሔ አያመጣም። በመኾኑም ከሁሉ አስቀድሞ ችግሩ የት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል።

👉 ችግሩ ያለበትን ቦታ መለየት

ኢንተርኔት ወደ ስልካችን የሚደርሰው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ከአገልግሎት ሰጭው እስከ ራውተሩ ያለው ሲኾን በፋይበር፣ በመዳብ ሽቦ ወይም በሲም ካርድ ይመጣል። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ስልካችን በሬዲዮ ሞገድ የሚሄደው ነው። ዋይፋይ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ሌሎች የቤተሰብ አባላት ኢንተርኔት መጠቀማቸውን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያቆሙ ያድርጉ። ከዚያም ኮምፒውተር ካለዎት በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን በፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ ይለኩ። ኮምፒውተር ከሌለዎት ስልክዎን ይዘው ከራውተሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ይለኩ። ቀጥሎም ኢንተርኔቱ በሚያስቸግርበት ክፍል ኾነው ይድገሙት። ከራውተሩ አጠገብ ፈጣን፣ በሌላው ክፍል ግን ቀርፋፋ ከኾነ ችግሩ የዋይፋዩ ነው። በገመድም ቢኾን ቀርፋፋ ከኾነ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከራውተሩ ነው።

👉 ቁጥሩን በትክክል ማንበብ

አገልግሎቱ የሚሸጠው በሜጋ ቢት በሰከንድ ሲኾን የፋይል መጠን የሚገለጸው ደግሞ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ10 ሜጋ ቢት ደንበኛ በሰከንድ ቢበዛ 1 ነጥብ 25 ሜጋ ባይት ያወርዳል። 100 ሜጋ ባይት የሚመዝን ቪዲዮ ለማውረድም ቢያንስ 80 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ የውሉ ልክ እንጂ ብልሽት አይደለም።

👉 ራውተሩ የተቀመጠበት ቦታ

በአብዛኛው ቤት ራውተሩ የሚቀመጠው ገመዱ በገባበት ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወይም ቡፌ ውስጥ ነው። ብረት ሞገዱን ያነጥረዋል፤ ውኃ ይውጠዋል፤ ወፍራም የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ደግሞ ያዳክመዋል። በቆርቆሮ የተከፋፈለ ክፍል፣ ማቀዝቀዣ እና የውኃ ሮቶ ጥሩ አገልግሎትን የሚጋርዱ ናቸው። ራውተሩን በቤቱ መካከል፣ ከወለል ከፍ ባለና ባልተሸፈነ ቦታ ማስቀመጥ ያለምንም ወጪ ለውጥ ያመጣል። የፋይበር ገመድ ግን ቀጭን የመስታወት ክር በመኾኑ ሲያዛውሩት መታጠፍ የለበትም።

በሲም ካርድ ለሚሠራ ራውተር የቦታ ምርጫው ይለያል። እርሱ ራሱ ኔትወርክ የሚቀበለው ከማማ ስለኾነ መስኮት አጠገብ፣ ማማው ወዳለበት አቅጣጫ ቢቀመጥ ይመረጣል። ስልኩን ለቤተሰቡ የኢንተርኔት ማጋሪያ የሚያደርግ የገጠር ነዋሪም በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሚያስቀምጠው በመስኮት በኩል ቢያደርገው የተሻለ ነው።

👉 ሁለቱ የሞገድ ዓይነቶች

ብዙ ራውተሮች በ2 ነጥብ 4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ርቆ ይሄዳል፤ ግድግዳም የተሻለ ያልፋል፤ ፍጥነቱ ግን ያነሰ ነው። ሁለተኛው ፈጣን ቢኾንም በግድግዳ ቶሎ ይዳከማል። በስሙ መጨረሻ 5ጂ የሚል የተጨመረበት ዋይፋይ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ከአምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ጋር ግንኙነት የለውም። ራውተሩ ባለበት ክፍል 5ቱን፣ ርቀው ሲኾኑ 2 ነጥብ 4ቱን ይጠቀሙ።

በተጠጋጉ ቤቶችና በኮንዶሚኒየም የጎረቤት ራውተሮች በአንድ መስመር ሊጨናነቁ ይችላሉ። በ2 ነጥብ 4 የማይደራረቡት መስመሮች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ጎረቤት ያልያዘውን መምረጥ ይቻላል። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ሞገድ አካባቢ ስለሚሠራ ምግብ በሚያሞቅበት ጊዜ ዋይፋዩን ሊረብሽ ይችላል።

👉 መስመሩን ማን እየተጠቀመበት ነው?

በማስተካከያ ገጹ የተገናኙ ስልኮች ዝርዝር ይታያል። የማያውቁት ካለ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ከፋብሪካ የመጣውን የማስተካከያ ገጽ የይለፍ ቃልም እንዳለ አይተዉት። የራስዎ ስልክ ፎቶ እና ቪዲዮ ወደ በይነመረብ ማከማቻ በራሱ እየላከ፣ መተግበሪያዎችን እያደሰ ሊኾንም ይችላል። ይህን ሥራ ወደ ሌሊት ማዛወር ጫናውን ያቃልላል።

ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ መልሶ ማብራትም ብዙ ጊዜ ይረዳል። ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ መጫን ግን የአገልግሎት ቅንብሩን ሊያጠፋ ስለሚችል ከባለሙያ ጋር ሳይነጋገሩ አይሞክሩት።

👉 መቼ ይደውሉ?

በፋይበር መሣሪያው ላይ ኤል ኦ ኤስ የሚለው መብራት ቀይ ኾኖ ከበራ ምልክቱ እየደረሰ አይደለም፤ ይህ በቤት ውስጥ ማስተካከያ አይፈታም። በገመድ የተለካው ፍጥነትም በተለያዩ ቀናት፣ ጠዋት፣ ቀን እና ማታ ከውልዎ በእጅጉ ያነሰ ከኾነ ቀኑን፣ ሰዓቱን እና ቁጥሩን መዝግበው ያመልክቱ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 መደወል ይችላሉ። "ኢንተርኔት የለም" ከሚል አቤቱታ ይልቅ በቁጥር የተደገፈ መረጃ ለባለሙያው ሥራውን ያቀልለታል፤ ለደንበኛውም የከፈለበትን አገልግሎት ለመጠየቅ ማስረጃ ይኾነዋል።