የአክሱም አኃዝ፦ ከኢዛና ድንጋይ እስከ ጭድ ተራ

የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባ ላይ ያካሄደውን ዘመቻ በግእዝ ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ምርኮውን በዝርዝር አስመዝግቧል፦ 214 ወንድና 415 ሴት፣ ድምሩ 629። የተገደሉት 602 ወንዶች፣ 156 ሴቶችና ሕፃናት፣ ድምሩ 758። ምርኮኛና ሟች በአንድነት 1,387። ከብቱ 10,560፣ በጉ 51,050። ድምሮቹን መልሶ የሠራ ሰው አንድም ዝንፈት አያገኝባቸውም። ከድል ዜናው ጀርባ ሒሳብ የሚያውቅ ጸሓፊ አለ፤ ታሪካችን ስሙን አለማቆየቱ ያስቆጫል።

የግእዝ አኃዝ መነሻ ግሪክ ነው። አክሱም በአዱሊስ ወደብ ከግሪክኛ ተናጋሪው ዓለም ጋር ትነግድ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞቿም የተጻፉት በግሪክኛ ነው። ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፻ ከሮ መጡ። ይህን መቀበል የአክሱማውያንን ሥራ አያሳንስም፤ ብልሃታቸው ጎልቶ የሚታየው ሳይወስዱ በተዉት ላይ ነውና። ግሪኮች ለአንዶች፣ ለአሥሮችና ለመቶዎች ዘጠኝ ዘጠኝ፣ በጠቅላላው 27 ፊደል መደቡ። ግእዝ ከ200 እስከ 900 ያሉትን ጥሎ ፻ን በፊቱ ባለው አኃዝ አባዛው፤ 200 ፪፻፣ 1,000 ደግሞ ፲፻ ሆነ። ለ10,000 ፼ ተጨምሮ ሥርዓቱ በ20 ምልክት ተጠናቀቀ። የኢዛና በጎች በዚህ አጻጻፍ ፭፼፲፻፶ ናቸው።

አጻጻፉ የአነጋገራችን መልክ አለው። መርካቶ፣ ጭድ ተራ ላይ ሻጭ «አሥራ አምስት መቶ» ብሎ ዋጋ ሲጠራ፣ የጠራው ልክ ፲፭፻ ተብሎ እንደሚጻፈው ነው። በመልስ የሚሰጠው የአንድ ብር ሳንቲምም የተቀረጸበትን ዓመት ፳፻፪ ብሎ ይዟል።

የግእዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው ለስሌት አይበቃም የሚሉ አሉ። በወረቀት ላይ አኃዞችን ደርድሮ ለማባዛት በእርግጥ አይመችም፤ ነገር ግን ስሌቱ በቃል፣ ጽሕፈቱ ለመዝገብ ነበር። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዓላትን ሲያወጡ የሚያሰሉት በቀሪ ነው፤ ባዶውንም «አልቦ» ብለው ይጠሩታል። የሳንቲሙን ዓመት እንውሰድ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5,500 ዓመት ሲደመር 2002፣ 7,502 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 16 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ «ወንበር» የሚባለው ቁጥር 15 ነው። 15 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 15 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ሲካፈል የሚተርፈው 15 መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ወንበሩ አልቦ ካልሆነ በቀር በየትኛውም ዓመት እንዲሁ ነው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሞሉ።