ኤሌክትሪክ ጊታርን የቀረጸው ጀማሪው ነው

የኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የዝነኞች ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ጂሚ ሄንድሪክስ የትኛውን ይዞ ነበር፣ ኤሪክ ክላፕተን በየትኛው ቀረጸ፣ የእገሌ ጊታር በጨረታ ስንት አወጣ እየተባለ ይተረካል። እንዲህ ያለው ትረካ ደስ ይላል፤ ግን ፋብሪካዎቹ በማን ገንዘብ እንደቆሙ አይነግረንም። መድረክ ላይ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፣ ጊታር የሚገዛውም አልፎ አልፎ ነው። ገበያውን የሞላው ገና ሦስት ኮርድ በቅጡ መያዝ የማይችለው ጀማሪ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚህ ይነሳል፦ የመሣሪያው ዋጋ፣ የአንገቱ ርዝመት፣ የክሩ ውፍረት፣ የማስተማሪያውም መንገድ በአብዛኛው የተወሰነው በጀማሪው አቅምና በጀማሪው ጣት ነው። ዛሬ «የመጀመሪያ ጊታሬ የቱ ይሁን? ከማንስ ልማር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዚሁ ታሪክ ያገኘዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ጆርጅ ቦሻም የተባለ ሙዚቀኛ ከአዶልፍ ሪክንባከር ጋር ሆኖ በ1931 የሞከረውን መሣሪያ በ1932 ለገበያ አቀረበ። አካሉ ከቀለጠ አሉሚኒየም የተሠራ፣ ክብ ፊትና ረጅም አንገት ያለው በመሆኑ «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። የሚጫወቱትም እንደዛሬው በትከሻ አንጠልጥለው ሳይሆን ጭን ላይ አጋድመው፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ ነበር። ጊዜው አሜሪካ በሃዋይ ሙዚቃ ፍቅር ያበደችበት ነው፤ የሃዋይ ጊታር የሚያስተምሩ ቤቶች በየከተማው ተከፍተው ነበር። ከእነዚህ መካከል መቀመጫው ክሊቭላንድ የነበረው ኦዋሁ የተባለ ድርጅት ትምህርቱን፣ የሙዚቃ ወረቀቱንና ጊታሩን በአንድነት ይሸጥ ነበር። ተማሪው ትምህርት ፍለጋ ይመጣል፤ መሣሪያውን ይዞ ይሄዳል። በኋላ በስሙ የተጠራውን የጊታር ኩባንያ የመሠረተው ሊዮ ፌንደርም ከዶክ ካውፍማን ጋር በ1945 ሥራ ሲጀምር ያመረተው የጭን ጊታርና ትንሽ አምፕሊፋየር ነበር። እንግዲህ ኤሌክትሪክ ጊታር ለሮክ ኮከብ ተፈልስፎ ኋላ ወደ ተማሪ የወረደ ዕቃ አይደለም። ሮክ ገና ሳይወለድ ተማሪው ደንበኛው ነበር።

በ1950ዎቹ ይህ ደንበኛ በዋጋ ተለይቶ ታወቀ። ፌንደር በ1954 ያወጣው ስትራቶካስተር ከነማርገብገቢያው 249 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ይህም በጊዜው የአንድ መካከለኛ አሜሪካዊ ቤተሰብ የሦስት ሳምንት ገቢ ገደማ ነው። ልጁ ሊጀምርና ሊተው ለሚችለው ነገር ይህን ያህል የሚያወጣ አባት ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ጊብሰን የተባለው ሌላው ኩባንያ በዚያው ዓመት ሌስ ፖል ጁኒየርን አወጣ፤ ፊቱ ያልተቀረጸ፣ ጠፍጣፋ እንጨት፣ አንድ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክፍል) ብቻ ያለው። ፌንደርም በ1956 ሚዩዚክማስተርንና ዱዎ ሶኒክን ለተማሪ ብሎ ሠራ፤ የክሩ ርዝመት ከስትራቶካስተሩ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ 57 ዝቅ ብሎ ለትንሽ እጅ እንዲመች ተደረገ። ኩባንያዎቹ እነዚህን እንደ ታናናሽ ወንድሞች ቆጥረዋቸው ነበር። ጁኒየሩን ግን በኋላ ትልልቅ የሮክ ተጫዋቾች ድምፁን ወደውት መድረክ ላይ ይዘውት ወጡ፤ የተማሪ ዕቃ የተባለው የባለሙያ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የጀማሪውን ልብና ኪስ ያወቀው ግን የጊታር ኩባንያ ሳይሆን ሲርስ የተባለው የካታሎግ ነጋዴ ነው። ሲርስ ሲልቨርቶን በሚል ስም የሚሸጣቸውን ጊታሮች ያመርትለት ከነበሩት አንዱ የዳንኤሌክትሮ ባለቤት ናት ዳንኤል ሲሆን፣ ይህ ሰው ርካሽ ነገርን አሳምሮ የመሥራት ሊቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጊታሩን አካል ከከባድ እንጨት በመጥረብ ፈንታ ቀላል የእንጨት ማዕቀፍ ሠርቶ ፊቱንና ጀርባውን በሜሶናይት፣ ማለትም በተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ ሸፈነው፤ ጠርዙን በፕላስቲክ ጥብጣብ አለበሰው። ፒክአፑን የከተተበት ቱቦ ደግሞ ለከንፈር ቀለም መያዣ የሚሠራው ብረት ነበር። በ1962 የመጣው ሞዴል 1448 ከዚህም አልፎ ሄደ፤ የጊታሩ ሳጥን ራሱ አምፕሊፋየር ሆነ። ክዳኑን ከፍተው ጊታሩን ያወጣሉ፣ ገመዱን ሳጥኑ ላይ ይሰካሉ፣ አለቀ። ዋጋው 67 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሲሆን ጊታርና አምፕሊፋየር ለየብቻ መግዛት ያስፈራው ወላጅ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም በፖስታ ቤቱ ያገኛል። በአቅራቢያው የሙዚቃ መደብር የሌለው የገጠር ልጅ እንኳ ኤሌክትሪክ ጊታር የያዘው በዚህ መንገድ ነው። እነዚያ ጊታሮች ዛሬ በአሰባሳቢዎች ዘንድ ከአዲስ ዋጋቸው እጅግ በላይ ያወጣሉ፤ ናት ዳንኤል ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። «ታላላቆቹ የተማሩት በመናኛ ጊታር ነው፤ ችግሩ ራሱ አጠንክሯቸዋል» ይባላል። ማስረጃውም ቀላል አይደለም። ብሪታንያ ከ1951 እስከ 1959 በዶላር እጥረት ምክንያት የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ እንዳይገባ ገድባ ስለነበር የሊቨርፑልና የለንደን ልጆች ያገኙትን ነበር የሚይዙት። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን በ1959 የገዛው ፉቱራማ ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ የተሠራ ነበር። በኋላ ታዋቂ የሮክ ጊታር ተጫዋች የሆነው ብራያን ሜይ ከአባቱ ጋር ሆኖ ከ1963 ጀምሮ ጊታሩን በገዛ እጁ ሲሠራ የአንገቱን እንጨት ያገኘው ከአሮጌ የምድጃ ማስጌጫ ነው። ለሄንድሪክስም አባቱ በ1959 የገዛለት የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር ሱፕሮ የተባለ ርካሽ መሣሪያ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የምንቆጥረው የደረሱትን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በዚያው መናኛ ጊታር ጣታቸው ቆስሎ ከአልጋ ሥር የወረወሩትን ማን መዘገባቸው? ፌንደር ኩባንያ ራሱ ይህን ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን ጠይቋል፤ በ2015 ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት አንዲ ሙኒ በሥራ ዘመናቸው ደጋግመው እንደተናገሩት፣ በየዓመቱ ከሚሸጠው ጊታር 45 በመቶ ያህሉን የሚገዙት አዲስ ጀማሪዎች ሲሆኑ ከእነዚህ 90 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ይተዉታል። ሄንድሪክስ ያደገው በመናኛው ጊታር ምክንያት ነው ከማለት ይልቅ መናኛውን ጊታር ተቋቁሞ ነው ማለት ለእውነት ይቀርባል።

ጀማሪውን የሚያስተወው ምን እንደሆነ በተግባር ያሳየው ኧርኒ ቦል ነው። ይህ የስቲል ጊታር ተጫዋችና አስተማሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ፣ ታርዛና ውስጥ ጊታር ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ከበሮና ፒያኖ የሌለው የሙዚቃ መደብር ያኔ እንግዳ ነገር ነው። ተማሪዎቹን ሲያይ የሚሰናከሉበት ቦታ አንድ ሆኖ አገኘው። በብዛት ይሸጥ የነበረው የፌንደር የክር ስብስብ ሦስተኛ ክሩ 0.74 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም ነበርና ለጋ ጣት ሊጫነው አይችልም። ቦል ቀጭን ስብስብ እንዲሠሩ ፌንደርን ጠየቀ፤ አልተቀበሉትም። ስለዚህ ራሱ አሠርቶ በ1962 ስሊንኪ በሚል ስም መሸጥ ጀመረ፤ በጣም የታወቀው ስብስብ ሦስተኛ ክር 0.43 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጫጭን ክር ፍለጋ የባንጆ ክር ያስሩ የነበሩ ባለሙያዎችም ተሻሙበት። ክሩን በጣት ወጥሮ ድምፁን እንደ ሰው ልቅሶ ማስረዘም የሮክና የብሉዝ ጊታር መለያ ሆኖ የተስፋፋው በእንዲህ ያለ ክር ነው። በሱቅ ውስጥ ስለ ጀማሪ ጣት የታሰበ ነገር የሙዚቃውን ድምፅ ለወጠ ማለት ነው፤ ለክርክሬ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ትምህርቱ ነው። «ጊታር በራስ የሚለመድ ነው፤ ቢትልሶች ኖታ ማንበብ እንኳ አያውቁም» የሚል። ኖታ አለማንበብ ግን ሳይማሩ ከመቅረት ይለያል። ፖል ማካርትኒ ብዙ ጊዜ እንደተናገረው እሱና ሃሪሰን አንድ ሰው ቢ ሰባት የተባለውን ኮርድ ያውቃል ሲባል ሰምተው አውቶቡስ እየቀያየሩ ሊቨርፑልን አቋርጠው ሄደዋል። ይህ ትምህርት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አስተማሪው አንድ ኮርድ ብቻ የሚያውቅ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ክላፕተንን፣ ሜይንና ሌሎችን ያስጀመረውም በርት ዊደን በ1957 ያሳተመው «በአንድ ቀን ተጫወት» የተባለ መጽሐፍ ነው፤ ርዕሱ ቀጥፏል፣ በአንድ ቀን የተጫወተ የለም፣ ግን ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገርለታል። አሜሪካ ውስጥ ሜል ቤይ በ1947 የጀመረው የማስተማሪያ መጽሐፍ ሥራ ለትውልዶች አገልግሏል። ቬንቸርስ የተባለው ቡድን ደግሞ በ1965 ጊታር የሚያስተምር ሸክላ አሳትሞ ከዘፈን አልበሞች ጋር ተፎካክሮ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። «በራሴ ተማርኩ» ከሚለው ሰው ጀርባ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ፣ ሸክላ ወይም ጎረቤት አለ። የጎደለው የሚያየውና የሚያርመው ዓይን ነው፤ የእጅ አንጓው ተጣምሞ የለመደ ሰው ስህተቱን ከመጽሐፍ አያገኘውም።

በአገራችን የጀማሪው መንገድ ሌላ ነበር። ካታሎግ አልነበረም፤ ኤሌክትሪክ ጊታር በክብር ዘበኛና በሌሎች የመንግሥት ኦርኬስትራዎች፣ ቀጥሎም በሆቴሎችና በክለቦች ባንዶች እጅ የነበረ ውድ ዕቃ ስለሆነ ወጣቱ የሚማረው በዕድሜ ከሚበልጠው ተጫዋች ሥር ተቀምጦ፣ በጆሮው ነው። ሰላም ሥዩም ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 በማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ላይ የተጫወተው ጊታር የዚህ መንገድ ፍሬ ምን እንደሚመስል ያሰማል። የፈረንጁ መጽሐፍ የማይመልሰው ጥያቄም እዚህ አለ። ከአገራችን ቅኝቶች መካከል ሙሉ ትዝታ በየመማሪያው ከሚገኘው ባለአምስት ድምፅ ሜጀር ስኬል ጋር ስለሚገጥም ጀማሪው ሳይቸገር ያገኘዋል፤ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ግን በተለመዱት ሦስት ኮርዶች ላይ በደንብ አይቀመጡም። ስለዚህ የአገሩን ዜማ መጫወት የሚፈልግ ተማሪ አስተማሪ ሲመርጥ ቅኝት ማወቅ አለማወቁን መጠየቅ አለበት።

ዋጋን በሚመለከት ከ1970ዎቹ ወዲህ ያለው ጊዜ ጉዳዩን ለጀማሪው አቅልሎለታል። የጃፓን ፋብሪካዎች በ1970ዎቹ የአሜሪካኖቹን ጊታር አስመስለው፣ አንዳንዴም አሻሽለው ሲሠሩ ፌንደር መቋቋም ስላቃተው በ1982 እዚያው ጃፓን ውስጥ ስኳየር በሚል ስም ርካሽ ጊታር ማሠራት ጀመረ። በኮምፒውተር የሚመሩ መቁረጫ ማሽኖች ሲስፋፉ ደግሞ የአንገትና የፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የሚገቡት የብረት መስመሮች) ሥራ በርካሹም ጊታር ላይ ልኩን የጠበቀ ሆነ። ዛሬ የርካሽ ጊታር ችግር አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ወይም እንጨቱ አይደለም፤ ሳይስተካከል ከካርቶን መውጣቱ ነው። ክሩ ከፍሬቱ ርቆ ከተሰቀለ በ1950ዎቹ የኧርኒ ቦልን ተማሪዎች ያሰቃየው ችግር ይመለሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጊታር ለሚገዛ ሰው፣ ወይም ለልጁ ለሚገዛ ወላጅ የምለው ይህ ነው። ያለውን ገንዘብ በሙሉ ጊታሩ ላይ አያውለው፤ ለአስተካካይ ባለሙያና ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለአስተማሪ ይክፈልበት። ሱቅ ውስጥ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከት፤ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙ ከበለጠ እንዲያስተካክሉለት ይጠይቅ፣ እምቢ ካሉት ሌላ ሱቅ ይሂድ። ባለ 0.23 ወይም ባለ 0.25 ሚሊ ሜትር አንደኛ ክር ያለው ቀጭን ስብስብ ያስገጥም። ትንሽ እጅ ላለው ልጅ አጭር አንገት ያለውን ይምረጥ። አምፕሊፋየሩ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ትንሽ ቢሆን ይበቃል፤ ጎረቤትም ያመሰግነዋል።