ቤትን ከብርድ የሚጠብቅ አረፋ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

ስለ ቤት ብርድ በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚታሰበው እሳት ነው። ነገር ግን የቤት ሙቀት ከእሳቱ ብዛት ይልቅ በግድግዳውና በጣራው ይወሰናል። ሰው ጋቢ ሲደርብ የሚሞቀው ጋቢው እሳት ኖሮበት አይደለም፤ በድርና በማጉ መካከል የተያዘው አየር የገላውን ሙቀት እንዳያመልጥ ስለሚከለክለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚሁ ሕግ ተመሥርቶ በቀዝቃዛ አገሮች ግድግዳ ውስጥ የገባውን አረፋ ታሪክ ባጭሩ መርምሮ፣ በካናዳ በ1977 ዓ.ም. ከታዩት ሁለት ሥራዎች አንዱ ለምን እንደ ተቃና፣ ሌላውም ለምን እንደ ተሰናከለ ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1937 ዓ.ም. ኦቶ ባየር የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በሌቨርኩዘን ከተማ ፖሊዩሬቴንን አገኘ። ይህ ነገር የሚሠራው ኢሶሲያኔትና ፖሊዮል የተባሉ ሁለት ፈሳሾች ተገናኝተው ነው። በሚዋሐዱበት ጊዜ ጋዝ ሲገባባቸው ድብልቁ እንደ ሊጥ ኩፍ ይልና ወዲያው ይደርቃል፤ በውስጡም እጅግ ብዙ ጥቃቅን የጋዝ ክፍሎች ይቀራሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ አረፋ ለማቀዝቀዣ ሣጥንም ለቤትም ዋለ። በመርጫ መሣሪያ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ስንጥቁን ሁሉ ስለሚደፍን፣ ሙቀትን ይዞ ከማቆየቱ በላይ ነፋስንም ያግዳል።

የቤት ሙቀት የመንግሥታት ጉዳይ የሆነው ግን ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የዓረብ ዘይት አምራች አገሮች ሽያጭ ስላገዱ፣ 3 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ቀረበ። የካናዳ መንግሥትም በ1977 ዓ.ም. ቤታቸውን ከብርድ ለሚከላከሉ ባለቤቶች የገንዘብ ድጎማ መስጠት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የመረጡት ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የተባለውን ሌላ አረፋ ነበር። ይህንና ፖሊዩሬቴንን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ዋጋው ርካሽ፣ አሠራሩም ቀላል ነበር፤ የአሮጌው ቤት ግድግዳ ይበሳና አረፋው በቧንቧ ይነፋበታል። በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ 100,000 የሚጠጉ የካናዳ ቤቶች በዚህ አረፋ ተሞሉ።

ችግሩ ብዙም አልዘገየም። አረፋው ተሠርቶ ያለቀለት ዕቃ ሆኖ ከፋብሪካ አይመጣም፤ ሙጫውን፣ ማጠንከሪያውንና አየሩን እዚያው ቤቱ ደጃፍ የሚቀላቅለው ሠራተኛው ነው። ልኩ ከተዛባ ፎርማልዴሃይድ የተባለው ጋዝ ከግድግዳው ወደ ክፍሉ ይወጣል። ዓይናችንን አቃጠለን፣ ጉሮሮአችንን ከረከረን የሚሉ ቤተሰቦች ስለ በዙ መንግሥት በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አረፋውን ከለከለ። አሜሪካም በ1982 ዓ.ም. እንዲሁ ከለከለች፤ ነገር ግን በሚከተለው ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤት ማስረጃው አይበቃም ሲል ክልከላውን ሻረው። በኪውቤክ ደግሞ የቤት ባለቤቶች ያቀረቡት ክስ ዓመታት ከፈጀ በኋላ በ1991 ዓ.ም. ጉዳቱ አልተረጋገጠም ተብሎ ውድቅ ተደረገ።

በዚህ ነገር አንዳንዶች አረፋውን፣ ሌሎች ደግሞ የሕዝቡን ድንጋጤ ይወቅሳሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ዋናውን ነጥብ ስተዋል። መርምሮ ማረጋገጥ የሚገባው ድጎማው ከመታደሉ በፊት ነበር እንጂ ግድግዳው ከሞላ በኋላ አይደለም። ፍርድ ቤት የፈለገውን ቢፈርድ፣ ቤቱ ይህ አረፋ እንዳለበት ለገዢ መግለጽ የተገደደውና ዋጋው የወደቀበት ባለቤት ተጎድቷል። ሀብቱ ሁሉ ያቺው ቤት ለሆነች ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶች ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

በዚያው በ1977 ዓ.ም. በዚያችው በካናዳ፣ በሬጃይና ከተማ አንድ አዲስ ቤት ተሠራ። የሳስካችዋን ቤት ይባላል። የክረምቱ ብርድ እጅግ በሚበረታበት በዚያ አገር ይህ ቤት እንደ ሌሎቹ የማሞቂያ ምድጃ አልተተከለበትም። ግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው፤ መገጣጠሚያው ሁሉ ነፋስ እንዳያስገባ ተደፍኗል። የታፈነ ቤት ነዋሪውን እንዳይጎዳም፣ የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው ንጹሕ አየር የሚያስረክብበት መሣሪያ ተደርጎለታል። ይህም ሁሉ አስቀድሞ ተሰልቶ ኋላም ተለክቷል። በ1991 ዓ.ም. በጀርመን በዳርምሽታት ከተማ የተሠሩት እጅግ ጥቂት ማሞቂያ የሚበቃቸው ቤቶችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

ዛሬ በአዳዲስ ቤቶች ላይ የሚረጨው ፖሊዩሬቴንም ያለ ነቀፋ አልኖረም። ቀድሞ ያስኮፈው የነበረው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ ስለ ነበር በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንዲቀር ተደረገ፤ ኋላ የተተካው ጋዝ ደግሞ ምድርን የሚያሞቅ ሆኖ ስለ ተገኘ በ2016 ዓ.ም. በኪጋሊ እንዲቀነስ ተወሰነ። ኢሶሲያኔቱም በሚረጭበት ጊዜ ወደ ሳንባ ከገባ አስም ስለሚያመጣ ሠራተኛው ተገቢ የመተንፈሻ ጭምብል ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ አረፋው በራሱ በጎም ክፉም እንዳልሆነ ነው። ልኩን የሚያውቅ ሠራተኛ፣ አየር የሚለወጥበት መንገድና አስቀድሞ የተደረገ ምርመራ ካልታከሉበት፣ ለማገዶ የዳነው ገንዘብ ለጥገና ይወጣል። ግድግዳ አንዴ ከተለሰነ በኋላ በውስጡ ያለው አይታይምና፣ ጥያቄው ሁሉ ከልስኑ በፊት ሊጠየቅ ይገባል።