በረዶው ለመኪና ይጠረጋል፤ ለእግረኛስ?

ዊንተር በመጣ ቁጥር እዚህ ሚኒያፖሊስ የማይቀር ክርክር አለ። ከተማው የእግረኛና የብስክሌት መንገዶችን በረዶ ይጥረግ ወይስ አይጥረግ? "በዚህ ብርድ ማን ይሄድበታል? ግብራችንን ማባከን ነው" የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝና ለኪሴ ባይጠረግ ይሻለኛል፤ መሄጃ ያጣ ሰው የሚደውለው ለእኔ ነው። ግን ዱሮ መሐንዲስ ነበርኩና ነገሩን ከታሪኩ ልጀምር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሌክ ስትሪት አንድ ብሎክ ወደ ሰሜን፣ ከመሬት ዝቅ ብሎ የሚሄደውን ሚድታውን ግሪንዌይ ታውቁታላችሁ። ዱሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ ከእግረኛና ከጋሪ ጋር በአንድ ደረጃ እየተሻማ አደጋ ስለበዛ፣ ከ1912 እስከ 1916 ድረስ መሬቱ ተቆፍሮ ሐዲዱ ወደ ታች ወረደ፤ በላዩም ድልድዮች ተሠሩ። ለእግረኛ ደኅንነት ሲባል ይህን ያህል አፈር ተዝቋል! የባቡሩ ዘመን ሲያልፍ ደግሞ ከ2000 ጀምሮ በየደረጃው ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ። ርዝመቱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማው በረዶውን ይጠርጋል፣ ሰውም በዊንተር ይሄድበታል። "ማን ይሄድበታል?" ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። ካልተጠረገ ሰው አይሄድበትም፤ ሰው አይሄድበትም ተብሎ ደግሞ አይጠረግም።

በየቤቱ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ግን ሌላ ነው። ደንቡ ለባለንብረቱ ጥሎታል። ባለቤት በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ንግድ ቤትና አፓርታማ ደግሞ በ4 የቀን ሰዓት ውስጥ መጥረግ አለበት። አሥር ጎረቤት ጠርጎ አንዱ ቢተወው፣ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው መንገዱ በሙሉ እንዳልተጠረገ ነው።

በረዶ ፖለቲካ አይደለም የሚል ካለ ቺካጎን ይጠይቅ። በጃንዋሪ 1979 ከተማዋ በበረዶ ተቀበረች። መንገድ ሳይጠረግ ሰነበተ፣ ባቡሮችም ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ጣቢያ ሳይቆሙ አለፉ። በወሩ በፓርቲው ምርጫ ከንቲባ ማይክል ቢላንዲክ በጄን በርን ተሸነፉ። እሷም የቺካጎ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነች። ሕዝቡ የተቆጣው በበረዶው ብቻ አልነበረም፤ ማን ቀድሞ እንደሚታሰብለት፣ ማን እንደሚረሳ ስላየ ነው።

ስዊድን ውስጥ ካርልስኩጋ የምትባል ትንሽ ከተማ ይህንኑ ጥያቄ አንስታ ቅደም ተከተሉን ገለበጠችው። መጀመሪያ የእግረኛና የመዋዕለ ሕፃናት መንገድ፣ ቀጥሎ ዋናው አስፋልት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪና በስስ በረዶ ላይ ያልፋል፣ ጋሪ የምትገፋ እናት ግን አታልፍም።

አሁን እንደ መሐንዲስ ላውራ። ትኩስ በረዶ ቀላል ነው። ሲረገጥ፣ ቀን ቀልጦ ሌሊት ሲረጋ ግን ድንጋይ ይሆናል። ያኔ ጨው እንበትን ብንል፣ ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፤ የእኛ ብርድ ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። ጨው ሐይቆቻችን ውስጥ ገብቶም አይወጣም። ስለዚህ ሳይረገጥ ቶሎ መጥረግ ከሁሉም ይረክሳል።

ሁሉም ይጠረግ አልልም፤ የስኪ መንገድ በረዶው ይቆይለት። ገንዘቡም ማለቂያ የሌለው አይደለም። ግን ወደ ባስ ፌርማታ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ክሊኒክ የሚወስደው ይቅደም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሆቴል ለማጽዳት፣ አየር ማረፊያ ለመሥራት የሚወጡት እኮ የእኛው እህቶችና ወንድሞች ናቸው። አንዷ ወድቃ እጇ ቢሰበር አገር ቤት የሚላከው ብርም አብሮ ይቆማል።

ስለዚህ ያልተጠረገ መንገድ ስታዩ 311 ደውሉና አስመዝግቡ። የምክር ቤት ተወካያችሁንም "የእግረኛውስ መንገድ?" ብላችሁ ጠይቁት። ካልጠየቅን የሚያስታውሰን የለም። ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ የማትስማሙ።