የመኪና ፍጥነት መለኪያ ለምን ከእውነተኛው ፍጥነት ይለያል?

በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ያለው መለኪያ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ፣ በስልክ ላይ ያለው ዌይዝ 95 ወይም 96 ሊል ይችላል። ብዙ አሽከርካሪዎች መኪናቸው የተበላሸ ይመስላቸዋል። በአብዛኛው ግን ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

መኪናው ፍጥነቱን በቀጥታ አይለካም። የጎማውን ወይም የካምቢዮውን ዘንግ ዙር ይቆጥርና፣ ጎማው በአንድ ዙር ስንት እንደሚሄድ አስልቶ ቁጥሩን ያሳያል። መጠኑ 205/55 አር 16 የሆነ ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጎማው ሲያልቅ ግን ዙሪያው ያንሳል። ጥርሱ ከ8 ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ከወረደ ልዩነቱ 2 ከመቶ ያህል ነው። ጎማው ለዚያው መንገድ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር መለኪያው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል።

አምራቾች ይህን ሁሉ አስቀድመው ያስባሉ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 እንደሚለው መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት ክልክል ነው። ከፍ አድርጎ ሊያሳይ የሚችለው ደግሞ እስከ እውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ስለዚህ በ50 እስከ 59፣ በ80 እስከ 92፣ በ100 እስከ 114 ሊያሳይ ይችላል።

አደጋው ያለው በተቃራኒው ነው። ከፋብሪካው መጠን የሚበልጥ ጎማ ካስገጠሙ መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ትክክል ይለካ የነበረ መኪና በዲያሜትር 5 ከመቶ የሚበልጥ ጎማ ቢገባለት፣ 90 እያሳየ የሚሄደው በ94.5 ነው። የፖሊስ ካሜራና ሌዘር የሚለኩት የመኪናውን ፍጥነት እንጂ ዳሽቦርዱን አይደለም።

ጂፒኤስም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። በቀጥተኛና ክፍት መንገድ ላይ፣ ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ፣ ጥሩ ይለካል። ሲፈጥኑና ሲያቀዘቅዙ ግን ይዘገያል፤ እንደ ሃይፋው የካርሜል መሿለኪያ ባሉ ቦታዎችም የሳተላይት ምልክት አይደርሰውም።

ማወዳደር ከፈለጉ አብሮዎት የተቀመጠ ሰው ስልኩን ይመልከት፤ እርስዎ ዓይንዎን ከመንገዱ አይንቀሉ። መለኪያው ከጂፒኤሱ በታች ካሳየ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተጻፈውን የጎማ መጠን ከተገጠመው ጋር ያስተያዩና ወደ ጋራዥ ይውሰዱት። ከፍ አድርጎ ካሳየ ግን ልዩነቱን ለመጨመሪያ አይጠቀሙበት፤ ለጥንቃቄ የተተወ ነውና።